ሳንቃ በር ላይ የጠበቅኩት ሯጭ

የምነግራችሁ ነገር ተጀምሮ ያለቀው በአንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሞተ ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ስላልሞተ ብቻ ነገሩ ቀላል ነበር ብዬ ራሴን ያታለልኩባቸው ወራት ስለነበሩ ነው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዳባት አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራለሁ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ስሜ ውቢት ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ «ሲስተር» ስለሚለኝ በስሜ ሲጠሩኝ ዞር ለማለት እዘገያለሁ። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን የምከታተለው እኔ ነኝ። ከሥራ ውጭ ያለኝ ነገር ሩጫ ነበር። አሥራ አንድ ሆነን አንድ ክለብ አቋቁመናል፤ መምህራን አሉበት፣ ሾፌር አለበት፣ የእህል ነጋዴ አለበት፣ ዲያቆን አለበት። በሳምንት ሁለት ቀን ማለዳ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን እንሮጣለን። አምበሏ እኔ ነበርኩ። አምበል ያደረጉኝ ፈጣን ሆኜ አይደለም፤ ቅጽ የሚሞላና ስልክ የሚደውል ሰው ስላስፈለገ ነው።

ፈጣኑ ዲያቆን እንየው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። አብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ስለሆነ ሲሮጥ እንኳ ከንፈሩ አያርፍም፤ ዳዊት ይደግማል። ዳገት ላይ እኛ ትንፋሽ አጥሮን ስንቆም እሱ እየደገመ ያልፈናል።

እንየው ስኳር እንዳለበት ከክለቡ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ሰውነቱ አልቆ፣ የውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሎት እኔ ዘንድ መጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ራሱን እንዲወጋ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። በዚያው ቀን አንድ ነገር ለመነኝ።

«ሲስተር፣ ይህ ነገር ከዚህች ክፍል እንዳይወጣ።»

«አይወጣም» አልኩት። ግዴታዬም ነው።

ምክንያት ነበረው። የሺወርቅ ከምትባል የቄስ ልጅ ጋር ታጭቷል። ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ከሠርጉ ቀጥሎ ቅስና ሊቀበል ነው። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ የዘርም የጤናም ነገር ይጠየቃል። መርፌ የሚወጋ ሙሽራ መሆኑ ቢሰማ ነገሩ እንደሚፈርስ እንየው አልተጠራጠረም።

የዚያ ቅዳሜ ውድድር በተራራው ፓርክ ውስጥ የሚሮጥ የሦስት ሰው ቅብብል ነበር። የመጀመሪያው ሯጭ ከጨነቅ ተነሥቶ ሳንቃ በር ይደርሳል፤ ሁለተኛው ከሳንቃ በር እስከ ቡይት ራስ፤ ሦስተኛው ከዚያ እስከ ደባርቅ። ዱላ ቅብብል ይባል እንጂ ዱላ የለውም። በተራራ መንገድ እጅ ባዶ መሆን ስላለበት የየቡድኑ ቀለም ያለው ጨርቅ አንጓ ላይ ይታሰራል፤ ሯጩ ሲደርስ ፈትቶ ለተቀባዩ ያስራል። የኛ ቀይ ነበር። ስድስት ቡድኖች ተመዘገቡ። ከኛ እንየው የመጀመሪያውን ያዘ፣ እኔ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን ከዳባት ጎንደር ሚኒባስ የሚነዳው ምንይችል።

የምዝገባው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት አለ? «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። የሕመምተኛ ምሥጢር መጠበቅ ሙያዬ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ምሥጢር መጠበቅና በፊርማ መዋሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሰብ ጊዜ አልሰጠሁም። እውነቱን ካወራን ደግሞ፣ ያለ እንየው ቡድናችን የትም እንደማይደርስ አውቅ ነበር። የትኛው ምክንያት እንደበለጠ ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

ባይሆን በጥንቃቄ አቀድን። ውድድሩ የሚጀመረው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። እንየው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁርሱን ይበላል፤ ከመርፌው ግማሹን ብቻ ይወጋል፤ ኪሱ ከረሜላ ይይዛል። ሦስት ሰዓት ገደማ ሳንቃ በር ይደርሳል፤ እኔ ጨርቁን ስቀበለው አንድ ለስላሳ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል። በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አሰላሁት። እንከን አልነበረውም።

ዋዜማውን እሱ ጨነቅ አደረ፣ እኔ ሳንቃ በር።

ጠዋት ስነሣ አካባቢው ሁሉ ጉም ነበር። ከአስታ ዛፎቹ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የቅብብሉ መስመር በኖራ ተሠምሯል፤ አጠገቡ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰሌዳ የያዘ ዳኛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው ላይ አያ ታከለ የሚባሉ የፓርኩ ስካውት፣ የዱር እንስሳቱ ጠባቂ፣ ተቀምጠዋል። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ጋቢያቸውን በካኪ ካፖርታቸው ላይ ደርበዋል፤ ጠመንጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል፤ ሬዲዮናቸው ከጎናቸው፣ በእኔና በእሳቸው መካከል ነው።

አንድ ሰዓት ሞላ። ወሬ የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ።

«ጉሙ ይገፈፍ ብለው ነው» አሉ አያ ታከለ። «ደግሞ ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ይጠብቃሉ አሉ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተንጫጫ። አያ ታከለ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙና መልሰው አስቀመጡት።

«አሁን ገና ተነሡ።»

ሌሎቹ ተቀባዮች ተነሥተው እግራቸውን ማፍታታት ጀመሩ። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። እንየው መርፌውን የወጋው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያ መድኃኒት ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው፤ ኃይሉ የሚበረታውና የደምን ስኳር አብዝቶ የሚያወርደው ከአራት ሰዓታት በኋላ ነው። በዕቅዳችን መሠረት ያን ጊዜ እንየው ሩጫውን ጨርሶ፣ ጠጥቶ፣ ጋቢ ለብሶ እየሣቀ ይሆናል። አሁን ግን ልክ ኃይሉ በበረታበት ሰዓት ዳገት ላይ ይሆናል። ቁርሱ አልቋል። ከረሜላውን ሲጠብቅ ሳይበላው አይቀርም። በሰው ፊት ምግብ አምጡልኝ እንደማይል ደግሞ አውቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለማሰብ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

«አያ ታከለ፣ በዚህ ሬዲዮ መንገድ ላይ ያለ ሰው ማነጋገር ይቻላል?» አልኩ።

«ለምን አይቻል? ከጅንባር ድልድይ ላይ ሁለት ልጆች አቁመናል። ምን ልበልልሽ?»

ዳኛው ሰሌዳውን ይዞ ከፊታችን ቆሟል። የሌሎቹ ቡድኖች ደጋፊዎች አሉ፤ ሁለቱ የዳባት ልጆች ናቸው፣ የእንየውን እጮኛ ቤት የሚያውቁ። ስኳር የሚለው ቃል ከአፌ ቢወጣ እስከ ማታ ዳባት ይደርሳል። ውድድሩም በዚያው ያበቃል። ቅጹም አለ።

«ምንም» አልኩ። «እንዲያው ነው የጠየቅኩት።»

አያ ታከለ አንድ ጊዜ አዩኝና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

እንዲህ ብዬ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ጠንካራ ልጅ ነው፣ ይበላል፣ ያውቃል፣ አስተምሬዋለሁ እያልኩ። አንዴ ተነሥቼ እግሬን አፍታታሁ። አንዴ ውሃ ጠጣሁ። ማንም ቢያየኝ ተራዋን የምትጠብቅ ሯጭ ነኝ።

አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ሯጭ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሰማያዊ ነው። ተቀባዩ ወሰደና ሄደ። ቀጥሎ ነጭ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ። እንየው ከሦስተኛ በታች ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አራተኛው መጣ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። አምስተኛው አንድ የደባርቅ መምህር ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ለደስታው የሚሮጥ ሰው። ጨርቁን አስረክቦ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ሳለ አጠገቡ ደረስኩ።

«ቀይ ጨርቅ ያሰረ አይተሃል?»

«ዲያቆኑን ነው? ከድልድዩ ወዲህ አለፍኩት። ይራመዳል። በርታ አልኩት፣ አልመለሰልኝም።» ቀና አለ። «አካሄዱ ደስ አላለኝም። ባላውቀው ኖሮ ጠጥቷል እል ነበር።»

ከጠረጴዛው ላይ ለስላሳውን አነሣሁ። ስካውቶቹ ሻይ ከሚያፈሉበት ቤት ገብቼ ስኳር ያለበትን ጣሳ ይዤ ወጣሁ። ዳኛው መንገዱ ላይ ቆመ።

«ሲስተር፣ መስመሩን ለቀሽ ከሄድሽ ቡድናችሁ ይሰረዛል።»

አላመነታሁም ብዬ መጻፍ ደስ ባለኝ። ግን አመነታሁ። ጉሙን አንድ ጊዜ አየሁት፤ አሁን ብቅ ቢልስ ብዬ። ከዚያ አለፍኩት። አያ ታከለ ምንም ሳይጠይቁ ጠመንጃቸውን አንግተው ተከተሉኝ።

ከሳንቃ በር ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንደሄዳችሁ መሬቱ እየጠበበ ይሄዳል። በግራ በኩል ገደሉ ነው። ጥርት ባለ ቀን ቱሪስት ቆሞ ፎቶ የሚያነሣበት ቦታ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ከመንገዱ ዳር ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ ነጭ ነገር ብቻ ነበር። እየሮጥኩ ስሙን እጣራለሁ። ጉሙ ድምፄን ይውጠዋል። አያ ታከለ በእርምጃ ብቻ እኩል እየሄዱ ነው።

«ቁሚ» አሉ ድንገት።

ቆምኩ። ከገደሉ በኩል የጭላዳ ዝንጀሮዎች ጩኸት ይሰማል።

«በዚህ ሰዓት ከላይ ሆነው ሣር መንጨት ነበረባቸው» አሉ። «መንገደኛ ለምደዋል፣ አይሸሹም። መንገዱን ለቆ መሃላቸው የገባ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበረግጋቸው።»

ከመንገዱ ወጣን። ሣሩ ረጥቧል፣ ያንሸራትታል። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄድን መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ሁለት የሩጫ ጫማዎች ጎን ለጎን፣ ጫፋቸው ወደ ገደሉ ዞሮ ተቀምጠዋል። ካልሲዎቹ ተጣጥፈው ውስጣቸው ገብተዋል። የወደቀ ሰው ጫማ እንዲህ አይሆንም። ይህ አስቦ ያወለቀ ሰው ጫማ ነው። የዚያን ቀን በጣም የፈራሁት እንየውን ሳየው ሳይሆን ጫማውን ሳየው ነው።

ከዚያ ዜማ ሰማሁ። ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ።

ከጫማዎቹ አሥር እርምጃ አለፍ ብሎ በባዶ እግሩ ቆሟል። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ቀዩ ጨርቅ አንጓው ላይ አለ። ከፊቱ ሁለት እርምጃ ያህል ሣር ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

«እንየው» አልኩ። አልዞረም። «ዲያቆን እንየው፣ እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

ቀስ ብሎ ዞረ። በዚያ ብርድ ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው፣ እኔን ግን አያዩም። ዝቅ ብሎ እግሬን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ጫማሽን ተጫምተሽ ነው የምትገቢው?»

«ወዴት?»

«ቅዳሴ ተገብቷል። አውልቂ!»

ስኳሩ ከጭንቅላቱ ሲያልቅ ሰው ያለበትን ቦታ እንደሚስት በመጽሐፍ አውቃለሁ፤ አልጋ ላይ ሆነው ሲቃዡም አይቻለሁ። ገደል አፋፍ ላይ ግን አይቼ አላውቅም። እንየው የቆመው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ጫማውን ያወለቀው ለዚያ ነው። ያ ነጭ ነገር ለእሱ የሚገባበት ቦታ ነው።

ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ከጎኔ አያ ታከለ ጠመንጃቸውን ሣሩ ላይ ሲያጋድሙ አየሁ። ዘለው ሊይዙት መስሎኝ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ቢደነግጥ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። እሳቸው ግን አልዘለሉም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጋቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው መስቀለኛ አጣፉት፤ እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው ሁለት እርምጃ ቀረቡ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሉ፤ ልጃቸው ሊሆን የሚችለውን ሰው።

እንየው ግንባሩን ቋጠረ። «እኔ ዲያቆን ነኝ። መፍታት አልችልም።»

«ይቅርታዎን። እንግዲያስ ዲያቆን፣ በር ተሳስተዋል።»

«የቱን?»

«ይኸኛው የሴቶች መግቢያ ነው። የወንዶቹ በዚህ፣ በእኔ በኩል ነው።»

እንየው ወደ ነጩ ነገር ዞሮ አየ። ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያዞር የሣሩ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ አለ። እኔ መሬቱ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ፤ እጄ ጣሳውን ጨብጧል፤ መንቀሳቀስ አልችልም።

«የሴቶች?» አለ። አፈረ። የእውነት አፈረ፤ አንገቱን ደፋ። «ጉሙ ነው» አለና ወደ አያ ታከለ መራመድ ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ አያ ታከለ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውት ወደ ኋላ ወደቁ።

ያኔ ነው የታገለን። ቀጭን ነው፣ ኃይሉ ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። ክርኑ ከንፈሬን መትቶ አደማኝ። እግሩ ላይ ተቀምጬ የለስላሳውን ጠርሙስ ወደ አፉ ሳስጠጋ ጥርሱን ነከሰ።

«ቆራቢ ነኝ» ይላል በጥርሱ መካከል። «አልቀምስም። ቆራቢ ነኝ።»

አያ ታከለ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ዝግ ባለ አነጋገር፣ «ቅዳሴው አልቋል፣ ዲያቆን» አሉት። «እትዉ በሰላም ተብሎ ሕዝቡ ወጥቷል። ይህ የቅዳሴ ጠበሉ ነው። ይጠጡ።»

አፉን ከፈተ። ጠርሙሱን አጋመሰው። ከዚያ ስኳሩን በጣቴ ጉንጩ ውስጥ እያደረግኩ፣ እያባበልኩ፣ ደግሞ አጠጣሁት። ሰዓቴን አየሁ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ሦስታችንም በባዶ እግራችን ርጥብ ሣር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ጭላዳዎቹ አንድ በአንድ ከገደሉ ወጥተው እንደገና ሣር መንጨት ጀመሩ።

ዓይኑ መጀመሪያ እጁን አየ፤ ቀዩን ጨርቅ። ቀጥሎ እኔን።

«ሲስተር፣ ስንተኛ ነን?»

«ስድስተኛ» አልኩት።

ከንፈሬን አየ። እግሩን አየ። ነገሩን ቀስ በቀስ ገጣጠመው።

«ማን አየኝ?»

«እኔና አያ ታከለ።»

«እንግዲያስ ወለም አለኝ እንላለን። ቁርጭምጭሚቴን።» እጄን ያዘ። «ቃል ገብተሽልኛል።»

አያ ታከለ ይህን ሁሉ ሰሙ። «ልክፍት ነው ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ምንድን ነው?»

እሳቸው ጣሳውን አዩ፤ ባዶውን ጠርሙስ አዩ። ሞኝ ሰው አይደሉም።

«ይህ እንደሚመጣበት ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ተነሡ ሲሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጫማቸውን መጫማት ጀመሩ፤ ክሩን ሲያስሩ ሳያዩኝ ነው የተናገሩት።

«ሬዲዮው እኮ በመካከላችን ነበር፣ ልጄ። ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄሻለሁ። ስሙን ባትነግሪኝ እንኳ፣ ዲያቆኑን አስቁማችሁ አብሉት ብትይኝ ይበቃ ነበር። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። ባልገባቸው ነገር ላይ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በአእምሮዬ የያዝኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ምሥጢሩን ማውጣት ወይም ዝም ማለት። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ፣ ያውም በአንዲት ዓረፍተ ነገር እንደሚያልቅ፣ አልታየኝም። ያልታየኝ ስላልፈለግኩት ነው። አስቁሙት ካልኩ ሩጫው ያበቃላ።

እንየውን በመካከላችን አድርገን ቀስ ብለን ተመለስን። ሳንቃ በር ስንደርስ ከአዘጋጆቹ አንዱ በመኪና መጥቶ ጠበቀን። ዳኛውም፣ መምህሩም፣ ሁለቱ የዳባት ልጆችም አሉ። ሰውየው እንየውን ካስቀመጠ በኋላ «ምን ሆነ?» አለ። እንየው አየኝ።

«ታሞ ነው» አልኩ። «የቆየ ሕመም ነው፤ የማውቀው ነው። ስሙን መናገር የእሱ ድርሻ ነው። ቅጹ ላይ የለም ብዬ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ሲዘገይም አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

የመሰለኝ የእሱን ምሥጢር ሳልነካ የራሴን ጥፋት የተናገርኩ ነው። እንየው ግን ፊቱን አዞረ። የገባኝ ከዘገየ በኋላ ነው፤ እኔ የስኳርና የግፊት ነርስ ነኝ። የማውቀው የቆየ ሕመም ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ዳባት ውስጥ አንድ ቀን አይፈጅም።

ቡድናችን ተሰረዘ። ምንይችል ቡይት ራስ ላይ እስከ ስምንት ሰዓት እየተፍታታ ጠብቋል፤ የነገረው ሰው አልነበረም። አምበልነቱን በሚቀጥለው እሑድ ለቀቅኩ። ማንም አትልቀቂ አላለኝም። እንየው ክትትሉን ደባርቅ ወደሚገኝ ሐኪም አዛወረና ለሁለት ወር ያህል በመንገድ ሲያየኝ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶኝ ያልፍ ነበር። ወሬው ከመድረሱ በፊት ብሎ ራሱ ሄዶ ለእጮኛው አባት እንደነገራቸው የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ቄሱ ጊዜ ስጡን አሉ። ከፋሲካ በኋላ የተባለው ሠርግ ሳይደረግ ቀረ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ለመናገር የሚያኮራ ነገር የለኝም። አሁንም እሮጣለሁ። አሁንም የሰው ምሥጢር እይዛለሁ። አንድ የተጨመረ ጥያቄ ግን አለ። አዲስ ሕመምተኛ መጥቶ «ሲስተር፣ ሰው እንዳይሰማ» ሲለኝ፣ «እሺ» ከማለቴ በፊት፣ «ከእኔ ሌላ ማን ይወቅልህ? አንድ ሰው ጥራልኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ የጎረቤት ስም ይጠራል። ስም የማይጠራልኝን ሰው ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ሰው ብቻውን የያዘውን ነገር ከእሱ ጋር ብቻዬን መያዝ እንደማልችል በዚያ ሣር ላይ አይቻለሁ። እናንተም ቤት የሰው አደራ የያዘ ሰው አይጠፋም። ሰዓቱ ሲደርስ አደራውን ሳያፈርስ ሰውየውን የሚያድን አንድ አጭር ቃል ብዙ ጊዜ አለ። ፈልጉት። እኔ ያን ጊዜ የፈለግኩት የራሴን ጥቅም ስለነበር አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። በክረምቱ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት ክፍሌ በር ላይ ቆመች። አላውቃትም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና፣ «የሺወርቅ እባላለሁ» አለች። ቁጭ በይ አልኳት። ስለዚያ ቅዳሜ ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር። ከቦርሳዋ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣች።

«አባቴ ሠርጉ ጥር ላይ ይሁን ብሏል» አለች። «እስከዚያ ማወቅ አለብኝ። ሲጀምረው ምን ይመስላል?»

ነገርኳት። ላቡን፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ ንግግሩ መንተባተቡን፣ ዓይኑ አይቶ አለማየቱን። ቀስ ብላ ጻፈች። ምን እንደምታጠጣው፣ ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቅ ነገርኳት፤ ጻፈች።

«እምቢ ካለኝስ?»

«እምቢ ይላል» አልኳት። «ያን ጊዜ አንቺን አያውቅሽም። ይቆጣል፣ ሊማታም ይችላል።»

እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

«ይማታ» አለች። «ከዚያስ?»